የማያስፈርም ትምህርት

ለተከበራችሁ የቃሊቲ ነዋሪዎች፣ እስረኛ ጠያቂዎች፣ የባጃጅ አሽከርካሪዎችና በዚህ ለምታልፉ መንገደኞች በሙሉ፤ ከማረሚያ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን የምትገኘው የጋሽ ሀይረዲን ኪዮስክ ከዛሬ ማክሰኞ ጀምሮ የቆዳም ሆነ የፕላስቲክ፣ የወንድም ሆነ የሴት፣ ማናቸውንም ዓይነት ቀበቶ በአደራ መቀበል ማቆሟን በታላቅ አክብሮት ታስታውቃለች። የስልክ፣ የቁልፍና የጃንጥላ አገልግሎቷ እንደወትሮው ይቀጥላል።

እርግጥ ማስታወቂያው እንዲህ ተብሎ አልተጻፈም። ጋሽ ሀይረዲን የብስኩት ካርቶን ቀደው «ቀበቶ አንቀበልም» ብለው ጻፉ፤ እስክሪብቶው አልታይ ስላላቸው ደግመው አደመቁት፤ ከዚያ መስኮቷ ላይ ለጠፉት። በሰፈሩ ያስነሣው ሁካታ ግን ከላይ የተጻፈውን ያህል ወግ ያለው ነበር።

በዚህ በር የሚገባ ጠያቂ ስልክ ይዞ አይገባም፤ ቀበቶም ታጥቆ አይገባም። ከበሩ ማዶ የተደረደሩት ኪዮስኮች የሚኖሩትም በዚሁ ነው። ስልክህን ይቀበሉሃል፤ ቀበቶህን ይቀበሉሃል፤ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን ይሰጡሃል። ስትወጣ ካርቶኗን መልሰህ ዕቃህን ትወስዳለህ። ሱሪህን በአንድ እጅህ ይዘህ፣ በሌላው ምሳ ዕቃ አንጠልጥለህ መንገዱን መሻገር ያንተ ፈንታ ነው። ክረምት ስለሆነ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ሲኖትራኮቹም ሳይረጩህ አያልፉም።

«ምነው ሀይረዲን፣ ቀበቶ ደግሞ ምን አደረገህ?» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። እትዬ ብዙወርቅ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ወጥተው ከኪዮስኳ ጎን ዳቦና ሙዝ የሚሸጡ፣ ከጋሽ ሀይረዲን ጋር ለዓመታት በአንድ ሸራ ስር ዝናብ የተጠለሉ ጎረቤት ናቸው።

«ተውኩት።»

«ለምን?»

«ተውኩት አልኩሽ እኮ ብዙወርቅ። ለምን የሚለኝ ደንበኛ ስልኩንም ይዞ ይሂድ።»

«እኔ ደንበኛ ነኝ? ቀበቶስ አለኝ?»

«እንግዲያው ምን አገባሽ?»

እትዬ ብዙወርቅ ነገሩን ለጎማ ጠጋኙ ነገሩት፤ ጎማ ጠጋኙ ለባጃጅ ሾፌሮቹ አደረሰው። ከሰዓት በኋላ ላይ ሰውዬው አእምሯቸው ተነክቷል የሚለው ወሬ አቃቂ በሰቃ ደርሶ ተመልሷል።

ምክንያቱን የሚያውቀው ነቢል ብቻ ነበር። ነቢል የጋሽ ሀይረዲን ትንሹ ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱን ጨርሶ ለዕረፍት የመጣ። ሰኞ ዕለት ዝናቡ እየወረደ ሳለ፣ የካርቶን ቁጥሩን የጣለ አንድ ጠያቂ እየተጣደፈ መጣና «ቀበቶዬን ስጡኝ፣ ቡናማው ነው፣ ታክሲው ሊሄድብኝ ነው» አለ። ጋሽ ሀይረዲን ዞር ብለው ከምስማር ላይ አንድ ቡናማ ቀበቶ አውርደው ሰጡት። ሰውዬው ሳያየው ታጠቀና ሳሪስ የሚል ሚኒባስ ውስጥ ገባ። ሚኒባሱ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ ጋሽ ሀይረዲን ምስማሩን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አዩ።

የሰጡት የረሻድን ቀበቶ ነበር።

ረሻድ ትልቁ ልጃቸው ነው። ያለው ከመንገዱ ማዶ፣ ከግንቡ ውስጥ ነው። ቀበቶዋ ለምረቃው ከሱፉ ጋር የተገዛች ናት። የተያዘ ቀን ራሱ ፈቶ ለአባቱ አስረከባት፤ እሳቸውም ቁጥር ሳይሰጧት ለብቻዋ ምስማር ላይ ሰቀሏት። የሌላው ሰው ቀበቶ ሁሉ ሲገባና ሲወጣ እሷ ባለችበት አቧራዋ እየተጠረገ ቆየች። አሁን በዚያ ምስማር ላይ የማያውቁት ሰው ቀበቶ ተንጠልጥሏል፤ ቡናማ ነው፣ ጫፉ የተሰነጣጠቀ። ጋሽ ሀይረዲን አላወረዱትም። ሰውዬው ሊመለስ ይችላል።

አልተመለሰም።

ጋሽ ሀይረዲን ግን ስልክና ቀበቶ ተቀባይ ብቻ አልነበሩም፤ ተመራማሪም ነበሩ። ረሻድ የተማረው አካውንቲንግ ነው። ተመርቆ ከዚሁ ከቃሊቲ መጋዘኖች በአንዱ ተቀጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ያልገባ ሲሚንቶ ገብቷል ብሎ ፈረመ። ሲሚንቶው የት እንደደረሰ ዛሬም አይታወቅም፤ ረሻድ ግን የት እንዳለ ይታወቃል። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ጋሽ ሀይረዲን ስልኩን የሚያስረክባቸውን ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ አያሳልፉም።

«ማንን ልትጠይቅ ነው ልጄ?»

«አጎቴን።»

«አይዞህ፣ ያስፈታልህ። ምን ነበር የተማረው?»

ጠያቂው ግራ ይገባዋል። በሌሎቹ ኪዮስኮች የሚጠየቀው «ስልኩን አጥፍተኸዋል?» ብቻ ነው። ግን የጠየቁት ሽማግሌ ናቸውና ይመልሳል። «ኢንጂነር ነበር።» ጋሽ ሀይረዲን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ኢንጂነሪንግ ላይ አንድ ሰው ተጨመረ።

እንዲህ እያሉ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ያልሞከረውን ጥናት በጭንቅላታቸው ሠርተው ጨርሰዋል። ጥናቱ የትኛው ዲግሪ ስንት ሰው እንዳሳሰረ የሚያሳይ ነው። አካውንቲንግ ይመራል፤ ማኔጅመንት እግር በእግር ይከተለዋል። ኢኮኖሚክስ ከመካከል ነው። ሕግ የተማረ ታሳሪ ሲያጋጥማቸው «ሕጉን እያወቀው!» ብለው ከልባቸው ያዝናሉ። ጋዜጠኝነት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ያስላሉ፤ እሱን አይቆጥሩትም። ኪስ አውላቂው ዲግሪ ስለሌለው ለጥናቱ አይሆንም። ዲግሪውን ይዞ ከተማ መሃል ቢሮ ውስጥ በሰላም የተቀመጠውም በኪዮስኳ ስለማያልፍ ጥናቱ ውስጥ የለም። በእኛ ሰፈር የተማረ ሰው የሚመጣው ወይ ሲታሰር ነው ወይ የታሰረ ሲጠይቅ።

የጥናቱ መደምደሚያ አንድ ነው፤ ሰውን የሚያሳስረው ፊርማ ነው። ማንም ሰው ስለተማረ ብቻ አልታሰረም፤ የታሰረው ተምሮ ስለፈረመ ነው። ስለዚህ ለነቢል መገኘት ያለበት የማያስፈርም ትምህርት ነው።

ነገሩ ደግሞ ጊዜ የሚሰጥ አልነበረም። ነቢል የሚማርበት ዩኒቨርሲቲ የዲፓርትመንት ምርጫ በኢንተርኔት ከፍቷል፤ የሚዘጋው ዓርብ ማታ ነው። የልጁ ነጥብ ጥሩ ስለሆነ የመጀመሪያ ምርጫው እንደሚደርሰው የታወቀ ነው። የሞላውን ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ ሌሎች ወላጆች ደስ ይላቸዋል። ጋሽ ሀይረዲን እንቅልፍ አጡ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በሸራው ስር ጉባኤ ተደረገ። የተገኙት ጋሽ ሀይረዲን፣ እትዬ ብዙወርቅ፣ በማኔጅመንት ተመርቆ የሰው ባጃጅ የሚነዳው በዛብህና ጉዳዩ የሚመለከተው ነቢል ናቸው። ነቢል ወንበር ስላልደረሰው ቆሟል።

«ሕግ ነው ያለው» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። «ጠበቃ ይሁን። ቢሮ መከራየት የለ፣ ማስታወቂያ መለጠፍ የለ። እዚህ ጎኔ ጠረጴዛ ቢያወጣ ደንበኛው ሱሪውን ይዞ በእግሩ ይመጣለታል።»

«ጠበቃ አይፈርምም?»

«ይፈርማል እንጂ!»

«ተይው።»

«ማኔጅመንት ይግባ ጋሼ» አለ በዛብህ። «እኔ ይኸው ማኔጅመንት ነኝ፤ ታሰርኩ?»

«አንተን ማን ምን አስረክቦህ ትታሰር?»

«እሱስ እውነት ነው። ባጃጇም የኔ አይደለችም።»

«ሥራ ስትፈልግ ስንት ዓመትህ?» አሉ እትዬ ብዙወርቅ።

«ኧረ እትዬ፣ ሰው ፊት አታዋርዱኝ። እሺ ሳይኮሎጂስ? ሳይኮሎጂ ፊርማ የለው፣ ምን የለው። አውርቶ ነው የሚበላው።»

«ወሬም ያሳስራል» አሉ እትዬ ብዙወርቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ሙዝ ሙዙን አዩ።

«ጂኦግራፊ» አሉ ጋሽ ሀይረዲን በመጨረሻ። ቃሉን ያወጡት ብዙ ሲያሸው የቆየውን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው ነበር። «ጠይቄያለሁ፣ አጣርቻለሁ። ጂኦግራፊ የተማረ እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እስከዛሬ አላየሁም። አንድም! ተራራ አስረክቦ የሚያስፈርም ማነው? ወንዝ ጎደለ ተብሎ የሚከሰስ ማነው?»

«ሥራስ አለው?» አሉ እትዬ ብዙወርቅ።

«ሥራ ስለሌለው እኮ ነው የማያሳስረው!»

በዛብህ ሳቀ። ጋሽ ሀይረዲን አልሳቁም። ቀልድ አልነበረም።

«አባባ» አለ ነቢል፣ «እኔ የምወደው ቁጥር ነው። ኦዲተር መሆን ነው የምፈልገው። ለዚያ ደግሞ አካውንቲንግ…»

«ኦዲተር ምን ያደርጋል?»

«የሌላውን ሰው ሒሳብ ይመረምራል።»

«መርምሮስ?»

«ሪፖርት ያቀርባል።»

«ሪፖርቱ ላይስ?»

«ይፈርማል» አለ በዛብህ በሐዘን።

«በቃ! በዚህ ቤት ውስጥ የዚህ ትምህርት ስም ሁለተኛ እንዳይነሣ!»

«አሁን ረሻድንስ አካውንቲንግ ግባ ያልከው አንተ አልነበርክ?» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። ክፋት የለባቸውም፤ ያስታወሱትን መናገር ልማዳቸው ነው።

አንድ ሲኖትራክ አለፈ። ጭቃው ሸራው ላይ ተረጨ። ጋሽ ሀይረዲን ከፊታቸው ያለውን የሰው ስልክ አንሥተው በእጅጌያቸው ይጠርጉት ጀመር፤ ስልኩ ንጹሕ ነበር።

«እኔ? እኔ ምን አውቄ? ራሱ ነው የመረጠው። እኔ ሐሳብ ነው የሰጠሁት።» ስልኩን አስቀምጠው ሌላ አነሡ። «ሐሳብ ነው የሰጠሁት» አሉ እንደገና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሐሙስ ነቢል ወንድሙን ሊጠይቅ ሄደ። እናቱ ሳፊያ ምስርና ጥብስ በሁለት ምሳ ዕቃ ሠርታ፣ በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችው። ስልኩን ለአባቱ አስረከበ፤ አባቱም እንደ ማንኛውም ደንበኛ የካርቶን ቁጥር ሰጡት። ቀበቶውን ቤት ትቶት ነው የመጣው። ፍተሻው ላይ ጥበቃው ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ማንኪያ አቀበለው።

«ቅመስ።»

ወደ ውስጥ የሚገባ ምግብ ያመጣው ሰው ሳይቀምሰው አያልፍም። ነቢል ምስሩን ቀመሰ፤ ጥብሱን ቀመሰ።

«ከታች በኩል» አለ ጥበቃው። ከታችም ቀመሰ።

ዝናብ ስለነበር ጠያቂው ጥቂት ነው። በሌላ ቀን እስረኛና ጠያቂን በሚለዩት ሁለት የሽቦ አጥሮች መካከል ካልጮኹ አይሰማም፤ ሰው የሚስቱን ናፍቆትና የጠበቃውን ወጪ ለሰፈር በሚያሰማ ድምፅ ነው የሚያወራው። ዛሬ በለሰለሰ ድምፅ ማውራት ይቻላል። ረሻድ ኮፍያ ያለው ሹራብ ለብሶ መጣ። ፊቱ ከስቷል።

«ወፍረሃል» አለው ነቢልን።

«ያንተን ምግብ እየቀመስኩ ነው።»

«አባባስ?»

«ደኅና ነው።» ነቢል አመነታ። «ቀበቶህን ተሳስቶ ለሰው ሰጠው። የሳሪስ ሰው ነው፣ ይዟት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀበቶ አልቀበልም ብሏል።»

ረሻድ ሳቀ። «ልክ ሆነችው?»

«ሳያያት ነው የታጠቃት።»

«አይዞህ በለው። ብወጣም አትሆነኝም፤ ከስቻለሁ።» ከዚያ ሳቁን ተወት አደረገ። «አንተስ ምን ልትሞላ ነው? ነገ አይደል የሚዘጋው?»

«አባባ ጂኦግራፊ ይላል።»

ረሻድ ሽቦውን ያዘ።

«ማን? አባባ? ጂኦግራፊ?»

«የማያስፈርም ነው ይላል።»

«እኔ እኮ ጂኦግራፊ ልግባ ብዬ ለምኜው ነበር» አለ ረሻድ ቀስ ብሎ። «አልሰማህም እንዴ? ትንሽ ነበርክ። ‹ተራራ ቆጥረህ ምን ልትበላ ነው? የሱቅ ልጅ የሚያምርበት ሒሳብ ነው፤ አካውንቲንግ ግባ› አለኝ። ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሎ የነበረውን ካርታ ያወረደው እሱ ነው። የዱቄት ከረጢት ሸፈነበት።»

ነቢል ካርታውን አስታወሰ። ሰማያዊው ባሕር ላይ ዱቄት ነበር።

«የቤት ሥራዬን ታስታውሳለህ?» አለ ረሻድ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ይዤው የምመጣውን?»

ነቢል ያስታውሳል። ስምንተኛ ክፍል ነበር። ረሻድ ከዩኒቨርሲቲ ወፍራም የሒሳብ መጽሐፉን ይዞ ይመጣና «ና ነቤ፣ ጨዋታ ላሳይህ» ይለዋል። በግራና በቀኝ ያሉትን ቁጥሮች እኩል የማድረግ ጨዋታ ነበር። ነቢል የጎደለችውን ሲያገኛት ወንድሙ ራሱን ይስመውና ሁሉንም በራሱ የእጅ ጽሕፈት ይገለብጠዋል። ነቢል ጨዋታ ይመስለው ነበር። እንዲያውም የልጅነቱ ምርጥ ጨዋታ እሱ ነበር።

«ስማኝ» አለ ረሻድ። ፊቱን ወደ ሽቦው አስጠጋ። «ለአባባ ኃላፊው አስገድዶ አስፈረመኝ ብዬ ነው የነገርኩት። ለዳኛውም ያልኩት እሱን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አላስገደደኝም። ‹አይተህ ፈርም› ነው ያለኝ። አየሁት ነቢል። አገላብጬ አየሁት። ምንም አልገባኝም። ትርፍ ይሁን ኪሳራ፣ የገባ ይሁን ያልገባ፣ ምኑም አልገባኝም። ሰፈሩ ሙሉ በምረቃዬ በግ በልቷል። አባባ ለደንበኛው ሁሉ ‹ልጄ የሒሳብ ባለሙያ ነው› እያለ ነው። ‹አልገባኝም› ማለት አፈርኩ። ፈረምኩ።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ በረታ። ከኋላ ጥበቃው «ሰዓት እየደረሰ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«እንዳትነግረው» አለ ረሻድ። «ፊርማ ነው ያሳሰረው ብሎ ያምናል፤ ይመን። የመረጠልኝ እሱ ነው። ምንም ሳይገባኝ እንደፈረምኩ ካወቀ እዚያች ኪዮስክ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይህን በር ማየት አይችልም። የሚያየው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ነው።»

«ወላሂ አልነግረውም።»

«አንተ የሚገባህን ሙላ። ሰማኸኝ? ለኔ የሚመጣውን ምስር እንኳ መጀመሪያ አንተ ትቀምሰዋለህ። ያንን ዲግሪ ግን ማንም ሳይቀምስልኝ ነው የዋጥኩት።»

ነቢል መንገዱን ተሻግሮ ሲመለስ አባቱ የካርቶን ቁጥሩን ተቀብለው ስልኩን ሰጡት።

«እንዴት ነው?»

«ደኅና ነው። ቀበቶዋ አታሳስብህ ብሏል።»

«ነገርከው?» ጋሽ ሀይረዲን ምስማሩን አዩ፤ በማያውቁት ሰው ቀበቶ ላይ ያረፈ አቧራ በጣታቸው ጠረጉ። «ሰውዬው ይመጣል» አሉ።

ዓርብ ጠዋት ነቢል በበዛብህ ባጃጅ ውስጥ ተቀመጠ። ኔትወርክ የሚገኘው ባቡሩ ከሚቆምበት አካባቢ ነው፤ ኪዮስኳ ጋ ስልኩ ሁሉ እያለ ኔትወርክ የለም። በዛብህ ተሳፋሪ እየጠበቀ ጫት ይቀነጥሳል። ነቢል ገጹን ከፈተ። ጂኦግራፊ የሚለው ላይ ጣቱን አሳረፈና ቆየ። ይህን ቢነካ አባቱ ዛሬ በሰላም ይተኛሉ። ከዓመታት በኋላ ግን እሱም ያልገባውን ነገር ገብቶኛል ለማለት የሚገደድበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን በእጁ የሚይዘው የወንድሙን ካርታ ነው። ሌላኛውን ቢነካ ደግሞ አባቱ ለምን ይሉታል። ምላሹን ያውቀዋል፤ መመለስ ግን አይችልም።

አካውንቲንግን ነካው። ገጹ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ይህን የጠየቀው እሱ ብቻ ነው።

«ምን ሆነ?» አለ በዛብህ አንገቱን አስግጎ። «ፓ! አካውንቲንግ! ፋዘር አወቁ?»

«አላወቀም። እኔ ነኝ የምነግረው፤ ዝም በል እሺ?»

«እኔን? እኔ መቃብር ነኝ!»

መቃብሩ ከጁምዓ በኋላ ተከፈተ። ነቢል ከመስጊድ ትንሽ ዘግይቶ ወደ ኪዮስኳ ሲደርስ በዛብህ ቀድሞታል። ካርድ ሊገዛ ቆሞ፣ ከደግነቱ የተነሣ እንዲህ ሲል ሰማው፦

«እንኳን ደስ አለዎ ጋሼ! ቤቱ እንደገና አካውንታንት ሊያገኝ ነው!»

«እንደገና» የምትለው ቃል ከአፉ ከወጣች በኋላ በዛብህ ራሱ ደነገጠ። ካርዱን ሳይወስድ፣ ተሳፋሪም ሳይጭን ባጃጇን አስነሥቶ ሄደ።

አንዲት ሴት ስልኳን በመስኮቱ ዘርግታ ቆማ ነበር። ጋሽ ሀይረዲን ተቀበሏት፤ የካርቶን ቁጥር ሰጧት። ማንን ልትጠይቅ እንደመጣች አልጠየቋትም። ምን እንደተማረም አልጠየቁም። ሴትየዋ ምሳ ዕቃዋን አንሥታ ሄደች።

«እውነት ነው?» አሉ ነቢልን ሳያዩት።

«እውነት ነው አባባ።»

«እስከ ማታ ክፍት ነው አይደል? ቀይረው።»

«አልቀይረውም።»

ጋሽ ሀይረዲን ከኪዮስኳ ወጡ። ከኪዮስኳ ሲወጡ አጭር ሰው ናቸው፤ ውስጥ ሳሉ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ስለሚቀመጡ አይታወቅም። ልጃቸው ፊት ቆሙ።

«እሺ» አሉ። ይጮኻሉ ብሎ የጠበቀ ሰው ተሳስቷል፤ እትዬ ብዙወርቅ ሙዛቸውን ይዘው ወደዚህ ጠጋ ያሉት በከንቱ ነው። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር። «እሺ፣ አትቀይረው። አንድ ምክንያት ብቻ ስጠኝ። እኔ ሞኝ አይደለሁም፤ ምክንያት ያለውን ሰው እሰማለሁ። ወንድምህ እዚያ ማዶ ነው። የገባበትን መንገድ ታውቀዋለህ። አንተም በዚያው እየሄድክ ነው። ለምን? ገንዘብ ነው? ጓደኛ ነው? እኔን ለማብሸቅ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ነቢል ወደ ማዶው በር ዞረ።

«ትናንት ጠይቀኸዋል። እሱ ነው ግባ ያለህ? ምን አለህ?»

«ሰላም በለው አለኝ።»

«ሌላስ?»

ነቢል ምስማሩን አየ። የማይታወቀው ሰው ቀበቶ እዚያው ነው።

«ተናገር እንጂ አንተ ልጅ!» አሉ እትዬ ብዙወርቅ። «አባትህ እኮ ነው የሚጠይቅህ! ዛፍ ነው እንዴ?»

«ተይው ብዙወርቅ» አሉ ጋሽ ሀይረዲን። «ነቢል፣ ረሻድ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ዱዓ አድርጌለት ነው የላክሁት። ያንተን ምክንያት ካልሰማሁ ግን አላደርግልህም። ባዶህን ትሄዳለህ። ወላሂ አላደርግልህም። እስቲ አንድ ቃል በለኝ። የሚያረካኝ እንኳ ባይሆን ግድ የለም፤ ውሸትም ይሁን፣ ብቻ በለኝ።»

ከማዶ በሩ ተከፈተ። የጥየቃ ሰዓታቸውን የጨረሱ ሰዎች ሱሪያቸውን በአንድ እጃቸው እየያዙ ወደ ኪዮስኮቹ መሻገር ጀመሩ። ዝናቡ እንደገና ማንጠባጠብ ይዟል። ጋሽ ሀይረዲን ልጃቸውን እያዩ ቆመው ነበር፤ ከንፈራቸው ትንሽ ተከፍቷል፤ ምክንያቱን ሲሰሙ አብረው ሊሉት የተዘጋጁ ይመስል።

ነቢል አፉን ከፈተ። ሁሉም ነገር ምላሱ ላይ ነበር፤ ዱቄት የተደፋበት ካርታ፣ የቅዳሜው የቤት ሥራ፣ «አይተህ ፈርም»። አባቱ ከኪዮስኳ ወጥተው ሲቆሙ ምን ያህል አጭር እንደሆኑ አየ።

«አልናገርም» አለ።

«ለአባትህ?»

«ላንተም፣ ለማንም አልናገርም። አካውንቲንግ ነው የሞላሁት። ለምን አትበለኝ።»